ትዳሬ መፍረሱን ለተመልካቾቼ የመናገር ግዴታ አለብኝ?

ጥያቄ፦ «በዩቲዩብ የምግብ አሠራርና የቤት ውስጥ ሕይወት የማቀርብበት ቻናል ከከፈትኩ አምስት ዓመት ሆኖኛል። ሰው የወደደኝ ያልተቀባባ ነገር ስለማሳይ ነው፤ ባለቤቴና የሰባት ዓመቷ ልጄም ብዙ ጊዜ አብረውኝ ይታያሉ። ከስምንት ወር በፊት ከባለቤቴ ጋር ተለያይተናል፤ ጉዳያችን ፍርድ ቤት ነው። ለተመልካች ምንም አልተናገርኩም። መጀመሪያ አካባቢ ጥርጣሬ እንዳይፈጠር ከድሮ ቪዲዮ የእሱን ድምፅ ቆርጬ ከሳሎን የሚጣራ አስመስዬ አስገብቻለሁ፤ ቀለበቴንም ለቀረጻ አጠልቃለሁ። በቅርቡ አንድ የበርበሬ ማስታወቂያ ስሠራ ‹ባለቤቴ ከዚህ ሌላ በርበሬ አይበላም› ብያለሁ። አሁን አስተያየቱ በሙሉ ‹እሱ የት ሄደ?›፣ ‹አስመሳይ› ሆኗል። ከሪያድ የምትጽፍልኝ ተመልካች ‹እንደ እህቴ ነበር የማይሽ፤ ለምን ትደብቂኛለሽ?› ብላ አስለቅሳኛለች። የሙያ ጓደኞቼ ሁሉንም ዘርግፈሽ ብትናገሪ ይቀልሻል፣ ቻናሉም ያድጋል ይሉኛል። እናቴ ደግሞ ገመናሽን አደባባይ አታውጪ ትላለች። እውነተኛ ሰው ከሆንኩ ሁሉንም መናገር የለብኝም? የልጄን ቪዲዮዎችስ ምን ላድርጋቸው?»

ምላሽ፦ በጥያቄዎ ውስጥ ሁለት የማይመሳሰሉ ነገሮች ተቀላቅለዋል። አንዱ ለተመልካች ያልተናገሩት ነው፤ ሌላው ተመልካች እንዲያምንልዎ አስመስለው የሠሩት ነው። እንቅልፍ የነሳዎት የመጀመሪያው ይመስላል፤ ሁለተኛውን በጥቂት መስመር ጠቅሰው አልፈውታል። እኔ ክብደቱን የማየው በተገላቢጦሽ ነው። ስምንት ወር ዝም በማለትዎ ማንንም አልዋሹም። ከድሮ ቪዲዮ ተቆርጦ በገባው ድምፅ ግን ዋሽተዋል፤ በበርበሬው ማስታወቂያ ደግሞ ከዚያም የከፋ ነገር አድርገዋል።

ተመልካች ከእርስዎ የሚገባው ነገር አለ። «ዛሬ ቤታችን እንዲህ ዋለ» ብለው ካሳዩት ቤቱ በእርግጥ እንደዚያ የዋለ መሆን አለበት። «ሞክሬው ወድጄዋለሁ» ካሉት ሞክረው የወደዱት መሆን አለበት። ከዚህ አልፎ ያላሳዩትን ሁሉ የማወቅ መብት ግን የለውም። የሕክምና ምርመራ ውጤትዎን፣ የባንክ ሂሳብዎን፣ ከዘመድ የተኮራረፉበትን ምክንያት በአምስቱ ዓመት ውስጥ አልነገሩትም፤ በዚህም አስመሳይ ያለዎት የለም። ትዳሩ የተለየ የመሰለው ቀድሞ ካሜራ ፊት ስለነበረ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ የታየ ነገር እስከ መጨረሻው እየታየ መቀጠል አለበት የሚል ሕግ የለም።

ወደ ድምፁ እንምጣ። ቪዲዮ መቁረጥ፣ አንድን ነገር ደግሞ መቅረጽ፣ የተዝረከረከውን ጠረጴዛ ከካሜራው ማራቅ ማታለል አይደለም፤ እንዲህ እንደሚደረግ ተመልካች ያውቃል። ያ ድምፅ ግን እዚያ ቦታ የገባበት አንድ ምክንያት ብቻ ነው፤ የሌለ ሰው አለ ተብሎ እንዲታመን። መለያው ይኸው ነው። አንድ ምስል፣ ድምፅ ወይም ቃል ከማስገባትዎ በፊት «ይህ የገባው ሰው ሐሰት የሆነውን እንዲያምን ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱ አዎ ከሆነ ያውጡት። በ2006 እ.ኤ.አ. ዩቲዩብ ገና ጨቅላ ሳለ፣ የ16 ዓመት ልጅ ነኝ የምትል ወጣት ከመኝታ ክፍሏ ስለ ኑሮዋ የምታወራባቸው ቪዲዮዎች ብዙ ተከታይ አፍርተው ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ ወጣቷ የ19 ዓመት ተዋናይት መሆኗና ንግግሯም አስቀድሞ የተጻፈ መሆኑ ተደረሰበት። ብዙዎች ተቆጡ፤ ታሪኩ ግን ድርሰት መሆኑ ከታወቀ በኋላም እስከ 2008 ድረስ ቀጥሎ ታይቷል። ሰው ድርሰትን ድርሰት መሆኑን እያወቀ በደስታ ያያል። የሚጎዳው ሳያውቀው ሲታለል ነው።

ቀለበቱ ከሁሉም ቀላሉ ነው። ማድረግም ሆነ አለማድረግ የራስዎ ጉዳይ ነው፤ ለቀረጻ ብቻ ማጥለቁን ግን ይተዉት። በርበሬው ከባድ የሚሆነው ገንዘብ ስላለበት ነው። አንዲት እናት ያን ቃል ሰምታ ከአስቤዛ ብሯ ቀንሳ ገዝታ ይሆናል፤ የተሸጠላት ግን ከቤቱ የወጣ ሰው ምስክርነት ነው። ድርጅቱም ሳያውቅ በሐሰት ላይ የቆመ ማስታወቂያ ባለቤት ሆኗል። በዚህ ሳምንት ደውለው ያ ዓረፍተ ነገር ተቆርጦ እንዲወጣ ወይም ማስታወቂያው እንዲነሳ ይጠይቁ። ምክንያቱን ሲያስረዱ «ቃሉ ከእውነታው ጋር አይሄድም» ማለት ይበቃል። ክፍያ መመለስ ካስፈለገም ይመልሱ።

ተመልካቾችዎ የትዳርዎን ነገር ለመጠየቅ መብት እንዳላቸው የተሰማቸው ክፉ ስለሆኑ አይደለም። ዶናልድ ሆርተንና ሪቻርድ ዎል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ገና በ1956 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ይህን ነገር በሬዲዮና በቴሌቪዥን አቅራቢዎች ላይ አስተውለውት ነበር። ፊቱን ወደ ካሜራው አዙሮ በጨዋታ ቃና የሚያወራን ሰው በየቀኑ የሚያይ ተመልካች፣ ቀስ በቀስ የሚያውቀው ወዳጁ መስሎ ይሰማዋል። ትውውቁ ግን በአንድ ወገን ብቻ ያለ ነው፤ አቅራቢው ተመልካቹን አያውቀውም። በእኛ ዘመን ካሜራው ከስቱዲዮ ወጥቶ ማዕድ ቤት ሲገባ ስሜቱ በብዙ እጥፍ ጠነከረ። እርስዎም እንደ ብዙዎቹ «የቻናሌ ቤተሰቦች» እያሉ ሰላምታ የሚሰጡ ከሆነ፣ ቤተሰብ የተባለ ሰው እንደ ቤተሰብ ቢጠይቅ አይገርምም።

ከሪያድ የጻፈችልዎትን ሴት እንባ አቅልዬ አላየውም። በዓረብ አገራት በሰው ቤት ተቀጥረው ከሚሠሩ እህቶቻችን ብዙዎቹ ከቤት የሚወጡበት ቀን ውስን ነው። ሌሊት ሥራ ሲያበቃ በስልካቸው የሽንኩርት ቁሌት ድምፅና የአገራቸውን ቋንቋ እየሰሙ ናፍቆታቸውን ይወጣሉ። ለእሷ እርስዎ መዝናኛ ብቻ አይደሉም። ይህ ፍቅር አክብሮት ይገባዋል፤ በተለይ አለመታለል ይገባዋል። ፍቅሯ ግን የትዳርዎን ምስጢር የማወቅ መብት አይሰጣትም። ይህን በደግነት ሊያስረዷት ይችላሉ፤ ደግነት ማለት ደግሞ የጠየቀችውን ሁሉ መመለስ አይደለም።

ኤርቪንግ ጎፍማን የተባለው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ፣ ማንኛውም ሰው በሌሎች ፊት የሚሆንበትና ከዕይታ ገለል ብሎ የሚያርፍበት ሁለት መድረክ እንዳለው ጽፏል። በእኛ ቤት አሠራር ነገሩ ግልጽ ነው። እንግዳ ሳሎን ተቀምጦ ቡና ይጠጣል፤ ጓዳ አለመግባቱ ግን የተደረገለትን መስተንግዶ ሐሰት አያደርገውም። ሳሎኑን ብቻ ያሳየ ሰው አስመሳይ አይባልም። ቁምነገሩ ሳሎኑ ራሱ የእውነት መሆኑ ላይ ነው።

አሁን ወደ ሁለቱ ምክሮች ልለፍ። እናትዎ የደረሱበት መደምደሚያ ትክክል ነው፤ ምክንያታቸው ግን ኀፍረት ከሆነ አልስማማበትም። መፋታት የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ መፋታትዎን መደበቅም አይጠበቅብዎትም። ዝርዝሩን የማይናገሩት የእርስዎ ብቻ ስላልሆነ ነው። ሳንድራ ፔትሮኒዮ የተባለች የተግባቦት ምሁር የግል መረጃን እንደ ንብረት ታየዋለች፤ ባለቤት አለው፣ የጋራ ባለቤትም አለው፣ የጋራ የሆነውን ደግሞ አንዱ ብቻውን ተነስቶ አያወጣውም። የትዳራችሁ መፍረስ ታሪክ ቢያንስ ሦስት ባለቤቶች አሉት። አንዷ እርስዎ ነዎት፤ ሁለተኛው እሱ ነው፤ ሦስተኛዋ የሰባት ዓመቷ ልጃችሁ ናት። እርስዎ ብቻዎን የሚያዙበት የራስዎ ስሜትና የራስዎ ቀን ነው፤ «ይህ ዓመት ከብዶኛል» ማለት ይችላሉ። «እሱ እንዲህ አደረገኝ» ሲሉ ግን የጋራውን አወጡ ማለት ነው።

የጓደኞችዎ ምክር ሁለት ክፍል አለው። «ይቀልሻል» ለሚለው ከሁሉ የሚጠቀሰው ማስረጃ ጄምስ ፔኔቤከር የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረባው ጋር በ1986 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሙከራ ነው። ተማሪዎች በተከታታይ ለአራት ቀን፣ በየቀኑ 15 ደቂቃ፣ ስለ ከባድ ገጠመኛቸው ጻፉ፤ በቀጣዮቹ ወራት ሐኪም ዘንድ የሄዱበት ጊዜ ከሌሎቹ ያነሰ ሆነ። ሰው የሚዘነጋው ግን ጽሑፉ ለአደባባይ እንዳልነበረ ነው። ጽፈው እንደጨረሱም የተማሪዎቹ ስሜት ወዲያው ተረብሾ ነበር፤ ጥቅሙ የታየው ቆይቶ ነው። ያን የመረበሽ ሰዓት በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፊት፣ አስተያየት እየጎረፈ ማሳለፍ ፍጹም ሌላ ነገር ነው። መተንፈስ ያስፈልግዎታል፤ ደብተር አለ፣ አማካሪ አለ፣ የቅርብ ወዳጅ አለ፣ የንስሐ አባት ካለዎትም እሳቸው አሉ። አስተያየት መስጫው ለዚህ አልተሠራም።

«ቻናሉ ያድጋል» የሚለው እውነት ነው፤ አልክድም። እያለቀሱ የሚናገሩበት ቪዲዮ እስካሁን ከሠሩት ሁሉ በላይ ሊታይ ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ግን በአገራችን ዩቲዩብ ደጋግመን አይተነዋል። ሌላ ቻናል እሱን ቃለ መጠይቅ ይጋብዘዋል፤ እሱ ይመልሳል፤ «መልስ ሰጠች» የሚል ርዕስ ይዘጋጅልዎታል፤ እህቱ ትጨመራለች፤ የቲክቶክ ቆራጮች ሦስት ደቂቃውን ወደ አሥር ሰከንድ ያሳጥሩታል። ለጠብ የመጣ ተመልካች ለድፎ ዳቦ አይቆይም፤ እንዲቆይ አዲስ ጠብ መመገብ ይኖርብዎታል። ቪዲዮውን በኋላ ቢያጠፉት እንኳ የተገለበጠው በየስልኩ ይቀራል።

ሕጉም ከግምት መግባት አለበት። ክርክራችሁ ፍርድ ቤት ስለሆነ፣ በስሜት የተናገሩት እያንዳንዱ ቃል ተቀርጾ፣ በተለይ ልጅቷ ከማን ጋር ትኑር በሚለው ጥያቄ ላይ፣ ሊቀርብብዎ ይችላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ እንዳይቀርብ ይከለክላል፤ አንቀጽ 28 በሚዘረዝራቸው ምክንያቶች፣ ለምሳሌ በአደባባይ በተደረገ ነገር፣ ካልሆነ በቀር። አንቀጽ 2044 ደግሞ የሰውን ስም ማጥፋትን ይመለከታል። ከባለቤትዎ ጋር በነበሩበት ጊዜ የሰጠው ፈቃድ ከተለያያችሁ በኋላ ለተቆረጠው ድምፅ ያገለግላል ብዬ አላምንም። እኔ የሥነ ልቦና አማካሪ ነኝ፤ ስለዚህ ይህን ከጠበቃዎ ጋር ይመልከቱት።

የልጅዎ ጉዳይ ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። «ትወደዋለች፣ ራሷ ካሜራ ፊት ትሮጣለች» የሚል መልስ ከወላጆች ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። የሰባት ዓመት ልጅ መቀረጽ ሊያስደስታት ይችላል። በአሥራ አምስት ዓመቷ የክፍል ጓደኛዋ ስልኩን አውጥቶ ትምህርት ቤት የገባች ቀን ያለቀሰችውን ለክፍሉ በሙሉ ሲያሳይ ምን እንደሚሰማት ግን አሁን ልታውቅ አትችልም፤ ስለዚህ ፈቃዷ ፈቃድ ሊባል አይችልም። ዩቲዩብ ራሱ በ2019 እ.ኤ.አ. የካቲት አካባቢ ሕፃናት በሚታዩባቸው አብዛኞቹ ቪዲዮዎች ላይ አስተያየት መስጠትን የዘጋው፣ ክፉ ሐሳብ ያላቸው ሰዎች ከቤተሰብ ቪዲዮዎች ሥር እየተሰባሰቡ መሆኑ ስለተጋለጠ ነው። ፈረንሳይ በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከእንዲህ ዓይነት ሥራ የሚያገኙት ገቢ ለአካለ መጠን እስኪደርሱ በአደራ እንዲቀመጥ አድርጋለች፤ ልጁ ራሱም ያለ ወላጅ ፈቃድ ቪዲዮው እንዲነሳ መጠየቅ ይችላል። በአሜሪካ የኢሊኖይ ግዛት ተመሳሳይ የገቢ ድንጋጌ ከሐምሌ 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ አውላለች። የእኛ ሕግ ነገሩን እንዲህ በዝርዝር ባይደነግገውም፣ አገራችን ያጸደቀችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 16 ለሕፃንም የግል ሕይወት መብት ይሰጣል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ፈቃድን ትልቅ ቦታ ሰጥቶታል።

ስለዚህ በልጅዎ ላይ ያለኝ ምክር አንድ ነው፤ ፊቷ ከዛሬ ጀምሮ በቻናሉ አይታይ። ከድሮዎቹ ውስጥ የምታለቅስባቸውን፣ የታመመችባቸውን፣ የምትታጠብባቸውን፣ የምትቆጣባቸውን፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟ ወይም የሰፈራችሁ መግቢያ የሚታይባቸውን ሙሉ በሙሉ ያጥፉ። ሌሎቹን ከእርስዎ በቀር ማንም እንዳያያቸው ወደ ግል ይለውጧቸው። ብዙ ተመልካች ያለው የምግብ ቪዲዮ ውስጥ ለአፍታ ብቻ የምትታይ ከሆነ፣ በዩቲዩብ ስቱዲዮ ማረሚያ ውስጥ ፊት የሚያደበዝዘው መሣሪያ ያገለግላል። የግል የሆነና የጠፋ ቪዲዮ የዕይታ ሰዓት ለገቢ ብቁነት ከሚቆጠረው ላይ እንደሚቀነስ አስቀድመው ይወቁ፤ ኪሳራው እውነተኛ ነው፣ ግን ይክፈሉት። ሌሎች የጫኗቸውን ቅጂዎች በተመለከተ ለዩቲዩብ የግላዊነት አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል፤ ቀረጻው የእርስዎ ስለሆነ በቅጂ መብትም መጠየቅ ይችላሉ። ሁሉንም አያገኟቸውም። ልጅቷ ከታየችባቸው ሥራዎች ካገኙት ገቢ ተገቢውን ድርሻ በስሟ ባንክ ያስቀምጡላት።

አጠቃላይ ምክሬ ይህ ነው። ዘርግፎ የመናገሩን ቪዲዮ አይሥሩ፤ አስመስሎ መቀጠሉንም ዛሬ ያቁሙ። የድሮው ድምፅ የገባባቸውን ቪዲዮዎች ያንሱ። ከዚያ አንድ አጭር መግለጫ ይስጡ፤ ከመስጠትዎ በፊት ግን ጠበቃዎ ይየው፣ ባለቤትዎም በጠበቃ ወይም በሽማግሌ በኩል ይወቀው። ልጅዎ ከሁለታችሁ አፍ ሳትሰማ ከጎረቤት ልጅ እንዳትሰማ ጥንቃቄ ያድርጉ። መግለጫው ለምሳሌ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «እኔና ባለቤቴ ከተለያየን ወራት ተቆጥረዋል። በአንዳንድ ቪዲዮዎችና በአንድ ማስታወቂያ ላይ አብረን ያለን አስመስዬ ማቅረቤ ትክክል አልነበረም፤ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ታሪኩ የእኔ ብቻ ስላልሆነ ምክንያቱን አልናገርም። ልጃችንም ከእንግዲህ በቻናሉ አትታይም። የምግብ ዝግጅቱ እንደተለመደው ይቀጥላል።» እዚያው ያቁሙ። በተለይ «ጊዜው ሲደርስ ሁሉንም እነግራችኋለሁ» አይበሉ፤ ይህ ቃል ተመልካቹን በር ላይ ያስቆመዋል፣ እርስዎንም ባለዕዳ ያደርግዎታል። በሽፋን ምስሉ ላይ እንባ አይኑር፣ ርዕሱም ቁጥብ ይሁን፣ የዚያን ቪዲዮ አስተያየት መስጫ ይዝጉት። በቀጣዩ ሳምንት የሽሮ አሠራር ይዘው ይመለሱ።

ይህ ሁሉንም ነገር አያስተካክልም። የሚሄዱ ተመልካቾች ይኖራሉ፤ መጀመሪያ አካባቢ ስድቡ ሊበረታ፣ ገቢውም ሊቀንስ ይችላል። እንቅልፍና ምግብ ከሁለት ሳምንት በላይ እምቢ ካለዎት፣ ወይም መኖር ካስጠላዎት፣ ሳይውሉ ሳያድሩ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያነጋግሩ። በደብዳቤዎ ውስጥ የዱላ ወይም የማስፈራሪያ ነገር አላነበብኩም፤ ካለ ግን ከላይ ስለ ጋራ ባለቤትነት ያልኩት አይሠራም። ጥቃት የጥቃት አድራሹ ገመና ተደርጎ አይጠበቅም። ያኔም ቢሆን ካሜራ የመጀመሪያው በር አይሁን፤ በድንገት አደባባይ መውጣት አደጋውን ሊያብሰው ይችላል። ማስረጃዎን ይያዙ፤ ለፖሊስ ያመልክቱ። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነፃ የሕግ ምክር ይሰጣል፤ መጠለያ ካስፈለገ የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር አለ።

እሱ ቀድሞ ወጥቶ ከተናገረስ? ይህ ሊሆን የሚችል ነገር ስለሆነ ከአሁኑ ይወስኑ። በቪዲዮ አይመልሱ፤ በዚያው ምሽት በቀጥታ ስርጭትም አይግቡ። የተናገረውን ሙሉውን ለጠበቃዎ ይላኩ። የተባለው ነገር ሐሰት ሆኖ ልጅዎን ወይም ሥራዎን የሚጎዳ ከሆነ ብቻ፣ በቻናሉ የጽሑፍ ገጽ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያርሙት፤ ቀሪውን ለፍርድ ቤቱ ይተዉት።